ከደብረ ብርሃን ሆኖ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ክፍያ በባንክ መላክ፦ አገልግሎቱ እንዴት ነው?

የእህቴ ልጅ አምና ስቱትጋርት ከተማ ላለ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ አልፋ፣ ክፍያዋን በሙሉ ከዚሁ ከደብረ ብርሃን በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ በኩል ነው የላክነው። የባንኩን ስም አልጠራም። የምጽፈው ሌላ ባንክ ብትሄዱም ይጠቅማችኋል። ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከ5 3 እሰጣለሁ። ገንዘቡ ደርሷል፣ ደረሰኙ ንጹህ ነው፣ ልጅቷም ቪዛዋን አግኝታ ሄዳለች። ሁለቱን ነጥብ የቀነስኩት ለደንበኛ ቀድሞ መነገር ያለበት ነገር ስላልተነገረን ነው።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። «ጀርመን ትምህርት በነጻ ነው» ሲባል ሰምታችኋል። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እውነትም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ስቱትጋርት ያለችበት ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ሃይደልበርግም፣ ፍራይቡርግም፣ ካርልስሩኸም እዚያው ክልል ናቸው። የሙኒክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሌላ ክልል ሆኖ ከ2024 ጀምሮ ከዚህም የበለጠ ይጠይቃል። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲው የት ክልል እንዳለና ምን እንደሚያስከፍል እዩ።

ትልቁ ገንዘብ ግን ይሄ አይደለም። ትልቁ ብሎክድ አካውንት የሚሉት ነው፤ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ አይደለም፣ የተማሪዋ የራሷ የቀለብና የቤት ኪራይ ገንዘብ ነው። ቪዛ ለማግኘት ቀድሞ ገብቶ ይዘጋል፣ እዚያ ደርሳ የራሷን አካውንት ስትከፍት በወር 992 ዩሮ ይለቀቅላታል። እንደ ዳአድ (የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት) ያለ ስኮላርሺፕ ያገኘ፣ ወይም ጀርመን የሚኖር ዘመድ እዚያው መንግሥት ቢሮ ሄዶ በሕግ ዋስ የሆነለት ሰው ይሄን ማስገባት አይጠበቅበትም። እኛ ሁለቱም አልነበረንም።

በብር ሲመታ ከ1 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ነው። አባቷ ሸዋ ሮቢት የማሾ ምርቱን ሸጠ። መሐል ሜዳ ያለው አጎቷ በጎቹን አወጣ። እናቷ እቁቡን ቀድማ እንድትወስድ እቁብተኞቹ ፈቀዱላት፣ እግዜር ይስጣቸው። እንዲህ ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ የመጣ ገንዘብ ነው እንግዲህ ወደ ባንኩ ይዘን የገባነው። አንዲት ዩሮ ያለ ምክንያት ስትጎድል የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ቅርንጫፉ ውስጥ ያለው መስተንግዶ ጥሩ ነው፣ ይሄን ሳልል አላልፍም። የውጭ ምንዛሬ የያዘችው ሠራተኛ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች። «ጋሼ፣ ይሄ የቅበላ ደብዳቤ ነው፤ የክፍያ መጠየቂያውን ዩኒቨርሲቲው ለብቻው ይጽፍላታል፣ እሱ ነው የሚያስፈልገኝ» ብላ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። የተጠየቅነው የቅበላ ደብዳቤ፣ ፓስፖርት፣ የተቀባዩ ባንክ ሙሉ አድራሻና የሒሳብ ቁጥር ያለበት የክፍያ መጠየቂያ፣ ከዚያም የማመልከቻ ደብዳቤ ነው። ቅርንጫፉ ራሱ አይወስንም። ወረቀቱ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ ነው የሚፀድቀው። ይሄ ነው ጊዜ የሚበላው፣ እዚህ ያሉት ልጆች ጥፋት የለባቸውም።

ድሮ ከነበረው ጋር ሳወዳድረው ደግሞ ልዩነቱ ብዙ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ዋጋው ረክሶ ይታያል እንጂ ተራ ጠብቆ የሚያገኘው ስንቱ ነበር? ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለወላጅ እጥፍ ሆነበት። ቢሆንም ዛሬ ወረቀታችሁ ከተሟላ ምንዛሬው ይገኛል። እኔ በበኩሌ ተወድዶም ቢሆን መገኘቱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ድሮ በምንዛሬ እጦት ቦታቸው ያለፈባቸውን ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። መጀመሪያ የላክነው የሴሚስተሩን 1,500 ዩሮ ነበር። የባንኩን ኮሚሽን እዚሁ በብር ከፍለናል፣ ደረሰኝም አለን። ዩኒቨርሲቲው ግን «ሙሉ አልደረሰም፣ 23 ዩሮ ይጎድላል» ብሎ ጻፈላት። የት ሄደ? ከእኛ ባንክ ተነስቶ ጀርመን እስኪደርስ ገንዘቡ በመሃል ሌላ ባንክ ያልፋል፣ ያ ባንክ ደግሞ የራሱን ቆርጦ ነው የሚያሳልፈው። በመላኪያ ቅጹ ላይ ወጪውን ላኪው ይችላል፣ ተቀባዩ ይችላል፣ ወይስ ይጋራሉ የሚል ምርጫ አለ። ማንም ሳይጠይቀን ይጋራሉ የሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል። ለ23 ዩሮ ብለን እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ፊርማ፣ እንደገና ኮሚሽን። ይሄ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ነገር ነው! ደንበኛ ቅጹን ሲፈርም «ሙሉው እንዲደርስ ከፈለጉ ወጪውን እርስዎ ይቻሉ፣ ትንሽ ይጨምራል» ማለት ምን ይከብዳል?

ብሎክድ አካውንቱ ላይ ይሄ ቢደርስ ደግሞ የባሰ ነው። ገንዘቡ ከተባለው ካነሰ ለኤምባሲ የሚቀርበው ማረጋገጫ አይወጣም፣ ማረጋገጫ ከሌለ ቪዛው ይቆማል። በሁለተኛው ዙር ሙሉ ወጪውን በላኪ አድርጉት አልን፣ ከላዩም ለመጠባበቂያ ትንሽ ዩሮ ጨመርን። ያለ እንከን ገባ።

የስም ነገርም አለ። የላከው አባቷ ነው። በእኛ አገር አባትና ልጅ የሚጋሩት የቤተሰብ ስም ስለሌለ፣ አካውንቱን የከፈተላት ድርጅት «ላኪው ማነው? ምንሽ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የልደት ሰርተፍኬቷን ተርጉመን ላክን፣ አለቀ። እናንተ ከመጠየቃችሁ በፊት አዘጋጁት። የእንግሊዝኛው ፊደል ከፓስፖርቷ ጋር አንድ መሆኑንም እዩ። የተማሪ ቁጥሯ ደግሞ የክፍያው ምክንያት ላይ መጻፍ አለበት፣ አለዚያ ገንዘቡ ደርሶም ባለቤቱ አይታወቅም።

ለትንንሽ ክፍያዎች ባንኩ ያለው ዓለም አቀፍ የቅድመ ክፍያ ካርድ በጣም ጥሩ ነው። ዩኒ አሲስት የሚባለው የማመልከቻ ማዕከል ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ይወስዳል። ይሄን በስዊፍት፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ ወደ ውጭ በሚላክበት መንገድ፣ መላክ ኪሳራ ነው። በካርዱ ወዲያው ተከፈለ።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልበል። ዊንተር ሴሚስተር የሚሉት በእነሱ ኦክቶበር 1 ይገባል፣ በእኛ መስከረም 21 ማለት ነው። ጥድፊያው ልክ እንቁጣጣሽና መስቀል ላይ ይወድቃል፣ የእኛ ባንክ ይዘጋል። ቅዳሜ እኛ ጋ ክፍት ሲሆን እነሱ ጋ ዝግ ነው። የምንዛሬ ዋጋ የሚቆረጠው ደግሞ ወረቀት ባስገባችሁበት ቀን አይደለም፣ ገንዘቡ በተላከበት ቀን ነው። በመሃል ዋጋው ከጨመረ የጎደለውን ብር ጨምሩ ትባላላችሁ። አካውንታችሁ ላይ ተጨማሪ ብር ይኑር፣ በተለይ ከዓለም ከተማ ወይም ከመሐል ሜዳ ለምትመጡ እንደገና መመላለስ ቀላል አይደለም።

ደላላ ግን እባካችሁ ተውት። «ውጭ ያለ ሰው በካርዱ ይከፍልላችኋል፣ ከባንክ ይረክሳል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ ሲመልሱ የሚመልሱት ለከፈለው ካርድ ወይም አካውንት ነው። ቪዛው ቢከለከል የአባቷ ማሾ፣ የአጎቷ በግ የማታውቁት ሰው ኪስ ገባ ማለት ነው። ካርዱ የተሰረቀ ከሆነ ደግሞ ክፍያው ይሰረዛል፣ ተጠያቂዋ ልጅቷ ትሆናለች። በባንክ የላከ ሰው የስዊፍት ወረቀቱ በእጁ አለ፣ ቢከለከልም ገንዘቡ ወደ ወጣበት ይመለሳል። ቅርንጫፉ ይሄን ወረቀት ካልጠየቃችሁት አይሰጣችሁም። ጠይቁ፣ ማኅተም አስደርጉበት፣ ለልጃችሁም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት።