ካሲዮ ኤፍኤክስ-991ኢኤስ ፕላስ፦ ለአክቲቭ ፊልተር ስሌት እስከ የት ይሄዳል?

የአክቲቭ ፊልተርን (በኦፕ-አምፕ፣ ማለትም በማጉያ ቺፕ፣ የሚሠራ የሲግናል ማጣሪያ) ትራንስፈር ፈንክሽን፣ ማለትም የአውትፑቱንና የኢንፑቱን ሬሾ ቀመር፣ በወረቀት ማውጣት ብዙ አያስቸግርም። ጣጣው የሚጀምረው ቁጥር ሲገባበት ነው። በየፍሪኩዌንሲው ኮምፕሌክስ ቁጥር ማካፈል፣ ማግኒቲዩድና ፌዝ (የውጤቱን መጠንና አንግል) ማውጣት አለ፤ መሀል ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት ከጠፋች ውጤቱ ሁሉ ይበላሻል። ካሲዮ ኤፍኤክስ-991ኢኤስ ፕላስ ካልኩሌተር ለዚህ ሥራ ጥሩ መሣሪያ ነው።

ስትገዙ ሞዴሉን በደንብ እዩ። 82ኢኤስ ፕላስ መልኩ በጣም ይመሳሰላል፣ ግን ኮምፕሌክስ ሞድ የለውም፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። 570ኢኤስ ፕላስ ሶላር ባይኖረውም ኮምፕሌክሱን ይሠራል። እዚያው ሱቅ ውስጥ ሞድ የሚለውን ተጭናችሁ 2ኛው ላይ የኮምፕሌክስ ምርጫ መኖሩን አረጋግጡ።

አሠራሩን በአንድ ሳለን-ኪ ሎው-ፓስ ፊልተር (ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲን የሚያሳልፍ የተለመደ ሰርኪት) እንየው። ሁለቱም ሬዚስተሮች 10 ኪሎኦም፣ ከአውትፑት ተመልሶ በሁለቱ ሬዚስተሮች መሀል የሚገባው ካፓሲተር 22 ናኖፋራድ፣ ወደ ግራውንድ የሚወርደው 10 ናኖፋራድ፣ ጌይኑ 1 ይሁን። የግራውንዱ ካፓሲተር በሬዚስተሮቹ ድምር ሲባዛ 0.0002 ይሰጣል፤ የአራቱም ብዜት 2.2×10⁻⁸ ነው። ሞድ 2 ውስጥ ግቡና በክፍልፋይ ቁልፉ ላዕሉን 1፣ ታህቱን ደግሞ እንዲህ ጻፉ፦

1 + 0.0002 × (2π × ኤክስ) × አይ − 2.2×10⁻⁸ × (2π × ኤክስ)²

በዚህ ሞድ አይ የሚባለውን የኢማጂነሪ ምልክት (i) የሚሰጠው የኢኤንጂ (ENG) ቁልፍ ነው። ኤክስ ፍሪኩዌንሲው ነው፣ በኸርዝ። ከዚያ ካልክ (CALC) የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ 1000 ስታስገቡ 0.0824 − 0.7872አይ ይወጣል። ሺፍት፣ 2፣ 3 እና እኩል ይሆናል ስትሉት ወደ ፖላር ተለውጦ ማግኒቲዩዱ 0.7915፣ ፌዙ −84.03 ዲግሪ ሆኖ ይታያል። ቀጣዩን ፍሪኩዌንሲ ለማየት ወደ ቀመሩ ተመልሶ ካልክን መጫን ብቻ ነው፤ ቀመሩ እንደገና አይጻፍም። ካልኩሌተሩን ለዚህ ሥራ የሚያስመርጠው ከምንም በላይ ይሄ ነው።

በ−84.03 ፋንታ −1.467 ካያችሁ ካልኩሌተሩ ራዲያን ላይ ነው፤ ሺፍት፣ ሞድ፣ 3 ወደ ዲግሪ ይመልሰዋል። ዲሲቤል ስትፈልጉ መጀመሪያ የውጤቱን አብሶሉት ቫልዩ ውሰዱ፣ ከዚያ ሎግ፣ ከዚያ በ20 ማባዛት፤ እዚህ −2.03 ይሆናል። ኮምፕሌክሱን ቁጥር በቀጥታ ሎግ ውስጥ ከከተታችሁት ማት ኤረር ይላችኋል፤ ስኩዌር ሩትም እንደዚያው ነው።

ቀመሩ በትክክል መጻፉን የምታረጋግጡበት አስተማማኝ መንገድ አለ። የዚህ ፊልተር የተፈጥሮ ፍሪኩዌንሲ 1073 ኸርዝ፣ ኪው የሚባለው (በዚያ ፍሪኩዌንሲ አካባቢ የከርቩን ቅርጽ የሚወስነው ቁጥር) ደግሞ 0.742 ነው። እዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ የታህቱ ሪል ክፍል ዜሮ ስለሚሆን ማግኒቲዩዱ ራሱ ኪው፣ ፌዙም −90 ዲግሪ መውጣት አለበት። ካልወጣ አብዛኛውን ጊዜ የተረሳው 2π ነው፣ ወይም የ10 ፓወር ላይ ያለው የመቀነስ ምልክት።

በእጅ የሚሠሩ ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ ፍሪኩዌንሲ በላይ ነው። 2000 ኸርዝ ላይ ታህቱ −2.474 + 2.513አይ ይሆናል። ኢማጂነሪውን በሪሉ አካፍሎ አርክታንጀንት የሚወስድ ሰው የፊልተሩን ፌዝ +45.45 ያገኛል፤ ትክክለኛው ግን −134.55 ነው። አርክታንጀንት የሚያየው የሁለቱን ሬሾ ብቻ ስለሆነ የትኛው ኔጌቲቭ እንደነበር አያውቅም፤ ስህተቱም ድፍን 180 ዲግሪ ነው። ካልኩሌተሩ ኳድራንቱን ራሱ ስለሚያገናዝብ እዚህ አይሳሳትም።

እሱም ቢሆን አንግል የሚያሳየው ከ−180 እስከ 180 ባለው ውስጥ ብቻ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ስቴጆችን ቀጥላችሁ 2000 ኸርዝ ላይ ብታባዟቸው ፌዙ −269.1 መሆን ሲገባው +90.9 ብሎ ያወጣዋል። አንግሉ በሒሳብ አንድ ነው፤ ቦዴ ፕሎት (ማግኒቲዩድና ፌዝ በፍሪኩዌንሲ የሚሳሉበት ግራፍ) ላይ ግን መስመሩ ድንገት ወደ ላይ ዘልሎ ይታያል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ስቴጅ ፌዝ ለብቻው አውጥታችሁ ደምሩ።

ትልቁ ጉድለቱ የቴብል ሞዱ ኮምፕሌክስ አለመቀበሉ ነው። በሠንጠረዥ ማየት ከፈለጋችሁ የማግኒቲዩዱን ቀመር ወደ ሪል ለውጣችሁ ማስገባት አለባችሁ፤ ፌዙ በዚያ አይገኝም። ለአምስትና ስድስት ነጥብ ካልኩሌተሩ ይበቃል፣ ሙሉ ከርቭ ለመሳል ግን ፓይተን ይሻላል፣ ነፃም ነው።

የምታገኙት ቁጥር ኦፕ-አምፑ አይዲያል ነው ብሎ የተሠላ መሆኑንም አስቡ። ፍሪኩዌንሲው በጣም ሲጨምር የኦፕ-አምፑ የአውትፑት ኢምፒዳንስ ያድጋል፤ ያኔ ሲግናሉ በ22 ናኖፋራዱ በኩል በቀጥታ ወደ አውትፑት ያልፋል። ቀመሩ መውረዱን ሲቀጥል ቦርዱ ላይ ያለው ፊልተር መውረዱን ያቆማል። ካፓሲተሮቹም የ10 ፐርሰንት ቶለራንስ ካላቸውና ሁለቱም ወደ ላይ ካዘነበሉ 1073 የነበረው ወደ 975 ኸርዝ ይወርዳል። ቦርዱን ከመሥራታችሁ በፊት 0.0002ን በ1.1፣ 2.2×10⁻⁸ን በ1.21 አባዝታችሁ አንድ ጊዜ ካልክ በሉት።