የአለን ስቴም ሴሎች፦ ሥራቸው ላልታወቀ ፕሮቲኖች ምን ያህል ይረዳሉ?

በሲያትል የሚገኘው የአለን የሕዋስ ሳይንስ ኢንስቲትዩት ያዘጋጃቸው ስቴም ሴሎች (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጡ የሚችሉ ሕዋሳት) ሁሉም ደብሊውቲሲ-11 ከሚባለው፣ ከአንድ ጤነኛ ሰው ከተገኘው የሕዋስ መስመር (ከአንድ ምንጭ እየተራባ የሚቀጥል የሕዋስ ዘር) የወጡ ናቸው። የሚያከፋፍላቸው ኮርየል ኢንስቲትዩት ነው፤ ከማዘዝ በፊት ተቋምዎ ውል መፈረም አለበት።

በእያንዳንዱ መስመር አንድ ፕሮቲን አብሪ መለያ ተቀጥሎበታል። መለያው በክሪስፐር (ዘረመልን በተመረጠ ቦታ መቁረጫና ማረሚያ መሣሪያ) የገባው በዘረመሉ በራሱ ቦታ ላይ ስለሆነ ፕሮቲኑ የሚመረተው በተፈጥሮ መጠኑ ነው። ትልቁ ብልጫቸው ይህ ነው፤ ከውጭ በተጨመረ ዘረመል ከልክ በላይ የተመረተ ፕሮቲን ቦታውን ስቶ ይከማችና ተመራማሪውን ያሳስታል።

ሆኖም ከካታሎጉ ያልታወቀ ፕሮቲን የሚፈልግ ሰው ብዙ አያገኝም። ያሉት በአብዛኛው እንደ ላሚን ቢ1፣ በሚቶኮንድሪያ (የሕዋሱ ኃይል አመንጪ ክፍል) ላይ የሚገኘው ቶም20 እና አልፋ ቱቡሊን ያሉ፣ ቦታቸው የታወቀ ናቸው። ለዚህ ሥራ ዋጋ ያለው ያልተነካው ደብሊውቲሲ-11 እና በአድጂን (የፕላዝሚድ ማከፋፈያ ድርጅት) የሚገኙት ፕላዝሚዶች፣ ማለትም መለያውን ወደ ሕዋሱ የሚያስገቡ ክብ ዲኤንኤዎች፣ ናቸው፤ እነሱን አርአያ አድርጎ፣ ከመለያው ግራና ቀኝ 1,000 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ያህል ከዘረመሉ ጋር ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይዞ በራስ ፕሮቲን ላይ መለያ መቀጠል ይቻላል። ፕሮቲኑ መነሻው ላይ ሲግናል ፔፕታይድ (ፕሮቲኑን ወደ ቦታው የሚመራ አጭር ክፍል) ካለው መለያው መጨረሻው ላይ ይግባ፤ አለዚያ ወደ ቦታው ላይደርስ ይችላል።

ዘረመሉ በስቴም ሴል ውስጥ የማይሠራ ከሆነ የሚበራ ሕዋስ ስለማይኖር መምረጥ ያቅታል። ኢንስቲትዩቱ ለልብ ጡንቻ ዘረመሎች ያወጣው ዘዴ በጣም የሚደነቅ ነው፦ ሁልጊዜ የሚበራ ቀይ ምልክት አብሮ ይገባል፣ በእሱ ሕዋሱ ይመረጣል፣ ቀዩ በክሪስፐር ተቆርጦ ይወጣል፣ ከዚያ ሕዋሱ ወደ ልብ ጡንቻ ይለወጣል።

አያያዙ ትጋት ይጠይቃል። ማትሪጅል (ሕዋሱ የሚጣበቅበት ጄል) በተቀባ ሳህን ላይ፣ ኤምቴሰር-1 በሚባል የምግብ ፈሳሽ ያድጋሉ፤ በየ3 እና 4 ቀኑ፣ ሕዋሳቱ ከሳህኑ 85 በመቶ በላይ ሳይሸፍኑ ወደ አዲስ ሳህን ይከፋፈላሉ። በአኩቴዝ (ሕዋስ ማላቀቂያ ኢንዛይም) ሲነጣጠሉ በብዛት ስለሚሞቱ ለ24 ሰዓት 10 ማይክሮሞላር ሮክ ኢንሂቢተር (ከመሞት የሚከላከል መድኃኒት) ይጨመራል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ የሕዋሱ ቅርጽ ይበላሻል።

የበራ ሁሉ ትክክል አይደለም። የፕላዝሚዱ ቀሪ አካል አብሮ ሊገባ ስለሚችል በፕላዝሚዱ ላይ ያለው አምፒሲሊንን የሚቋቋም ዘረመል በዲጂታል ፒሲአር (የዲኤንኤ ቅጂ መቁጠሪያ) ይፈተሽ፤ ክሮሞሶም 20 ላይ የሚታየው ተጨማሪ ቅጂም በየጊዜው ይመርመር። ጥቂት የሚመረት ፕሮቲን ደግሞ ከሕዋሱ የራሱ አረንጓዴ ብርሃን አይለይም፤ ያኔ መለያውን በናኖቦዲ (መለያው ላይ የሚጣበቅ ትንሽ ፀረ እንግዳ አካል) ይዞ አብረው የሚወጡትን ፕሮቲኖች በማስ ስፔክትሮሜትሪ (በክብደታቸው) መለየት ከምስል የተሻለ ይናገራል።

አብዛኞቹ መስመሮች አረንጓዴ ናቸው። ስለዚህ የራስዎን ፕሮቲን በቀይ መለያ በቶም20 መስመር ውስጥ ቢያስገቡት፣ ሚቶኮንድሪያ ላይ መሆን አለመሆኑ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ይታያል።