ማውንት በእጅ ወይስ በኤፍኤስታብ?

ባሕር ዳር ባለው ቤቴ የዘጌ ገዳማትን ሥዕሎች ፎቶግራፍ በሁለት ዲስኮች አስቀምጣለሁ፤ አንዱ ከኮምፒውተሩ አይነቀልም፣ ሌላው ወደ ጣና ዳርቻ አብሮኝ ይወጣል። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና ላይ ሁለቱን በአንድ መንገድ ማያያዝ (ፋይሎቻቸው እንዲከፈቱ ከሥርዓቱ ጋር ማገናኘት) ስህተት ነው እላለሁ።

ተንቀሳቃሹን ማውንት (mount) የተባለውን የማያያዣ ትእዛዝ በእጄ ጽፌ አያይዘዋለሁ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግንኙነቱም አብሮ ያበቃል፤ ለተንቀሳቃሽ ዲስክ ይኸው ይበቃል። ብቻ ከመንቀላችሁ በፊት ኡማውንት (umount)፣ ማለያያው ትእዛዝ! አለዚያ ማህደረ ትውስታ ውስጥ የቆየው መረጃ ዲስኩ ላይ ሳይሰፍር ሊቀር ይችላል።

ለቋሚው ግን ኤፍኤስታብ (fstab)፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚያያዙት ዲስኮች የሚዘረዘሩበት ፋይል፣ ይሻላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ፋይሉን አንብቦ ዲስኩን ራሱ ያያይዘዋል። እያንዳንዱ መስመር 6 ክፍሎች አሉት፤ በመጀመሪያው ላይ የመሣሪያውን ስም ሳይሆን ዩዩአይዲውን (UUID፣ ልዩ መለያውን) ጻፉ፣ ስሙ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ሊለወጥ ይችላልና። አደጋም አለው፦ ዲስኩ ካልተገኘ በሲስተምዲ (systemd፣ ሥርዓቱን በሚያስነሣው ፕሮግራም) የሚነሣ ሊኑክስ በተለምዶ 90 ሰከንድ ጠብቆ ሥራውን ያቆምና ለጥገና ብቻ ወደሚያገለግለው አስቸኳይ ሁኔታ ይገባል። አንድ ምሽት ይህ ደርሶብኝ እስኪነጋ ደክሜበታለሁ። «ኖፌይል» (nofail፣ ዲስኩ ባይገኝም መነሣትህን ቀጥል) የሚለውን አማራጭ ብጨምር ኖሮ ባልደረሰብኝ ነበር። ፋይሉን ስታስተካክሉ ኮምፒውተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት፣ ማውንትን «ሁሉንም አያይዝ» በሚለው አማራጭ (mount -a) አስኪዳችሁ ፈትኑት።