ዱቄቱ አስር፣ ሚዛኑ ስድስት፦ ከደምበጫ ወጣ ያለ ወፍጮ ቤት

ባህር ዳር እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። ሁለት ምጣድ አለኝ፤ ሰርግ ሲበዛ ሦስተኛውን ከጎረቤት እዋሳለሁ። ዱቄት ካልላመ ወይም ተቃጥሎ ከወጣ፣ ጠዋት ፊቱን አጥቁሮ የሚመጣው ደንበኛ ወደ እኔ እንጂ ወደ ባለወፍጮው አይሄድም። ስለ ወፍጮ ቤት ሳወራ በዚህ ልክ ተረዱኝ።

አምና ጥር ላይ ሰፈሬ አጠገብ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት (ስሙን ተዉት) 50 ኪሎ ጤፍ አስፈጨሁ። ማዳበሪያውን ስነካው እጄን ፈጀኝ። "አሁን ስለወጣ ነው፣ ይበርዳል" አለኝ ልጁ። አቦካሁ፣ በሦስተኛው ቀን ምጣድ ጣድኩ። እንጀራው ዝም አለ። አይን የለ፣ ምን የለ፣ እንደ ቂጣ ለጥ ብሎ ቀረ። የዚያን ሳምንት ኪሳራ አልነግራችሁም። እናቴ በስልክ ስትሰማ ሳቀችብኝ። "ጤፉን ከዚህ እየወሰድሽ እዚያ ታቃጥይዋለሽ። እዚሁ ለምን አታስፈጪም?" አለች።

እዚሁ ያለችው እኔ ያደግሁበት ወፍጮ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ተኩል እየሄድኩ አስፈጫለሁ። ለመኪና የማወጣው ይቆጨኛል፣ ግን አልተውኩትም።

ከደምበጫ በባጃጅ እስከ ጥርጊያው ድረስ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ጋሪ ካገኛችሁ በጋሪ፣ ካጣችሁ በእግር። ክረምት ከሆነ ቦቲ ጫማ ያዙ፤ ጋሪውም አይገባም። ቤቱ ወደ ተምጫ ወንዝ የምትገባ አንዲት ጅረት ዳር ነው። ሰሌዳ የለውም። በሩ፣ ግድግዳው፣ በሩ ላይ የተኛው ውሻ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ነጭ ነው።

ስለ ዱቄቱ ልጀምር። የማስፈጨው ነጭ ጤፍ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቁንጮ የሚባለው፤ በ1998 ዓ.ም. ከተለቀቀ ወዲህ በእኛ አካባቢም ብዙ ሰው የሚዘራው። ጤፍ ለወፍጮ ፈተና ነው። አንድ ፍሬ ስንዴ ከ150 ፍሬ ጤፍ ጋር ይመዝናል ይባላል። ድንጋዮቹ ትንሽ ከተራራቁ ጤፉ ሳይነካ ሾልኮ ያልፋል፤ በጣም ከተጠባበቁ ይቃጠላል። እዚህ ወፍጮ ቤት ልጁ (የባለቤቱ ልጅ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው) መጀመሪያ የወጣውን ዱቄት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያሸዋል። ከዚያ መዘውሩን ትንሽ ያጠብቃል። እንደገና ያሸዋል። ጆሮውን ወደ ድንጋዩ ያዘነብላል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ ነው እህሉን የሚለቀው። እኔም እጄን እሰዳለሁ፤ ዱቄቱ ለብ ያለ ነው እንጂ አያቃጥልም።

ምስጢሩ አንድ ነው፤ ድንጋዩን ይወቅራሉ። ሌላ ቦታም ይወቀራል፣ ግን ሰው ሲያማርር ነው። እዚህ ድንጋዩ ሳይዶለድም ቀድመው ይወቅሩታል። አንድ ቀን ስደርስ ወፍጮው ቆሟል። የላይኛው ድንጋይ ተነስቶ በጀርባው ተጋድሟል፤ ሽማግሌው አባት ማዳበሪያ አንጥፈው አጠገቡ ተቀምጠዋል። በእጃቸው ሁለት ጫፉ የሾለ መውቀሪያ። ቸክ፣ ቸክ፣ ቸክ። ከመሃል ወደ ዳር፣ መስመር በመስመር። በየመሃሉ እፍ ይሉና በመዳፋቸው ይዳብሱታል። አይናቸው ደክሟል፣ የሚያዩት በእጃቸው ነው።

"አንቱ፣ ዛሬ አይፈጭም ማለት ነው?" አልኳቸው።

"ይፈጫል። ያንቺ ግን አይፈጭም።"

"ለምን?"

"አሁን የተወቀረ ድንጋይ አሸዋ ይሰጣል። መጀመሪያ የኛን በቆሎ እንለቅበታለን፣ ለከብት የሚሆን። ጥርሱን ካለሰለሰ በኋላ ያንቺ ይገባል። ሰው አሸዋ በልቶ አንቺን እንዲረግም ትፈልጊያለሽ?"

ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። ከተማ ውስጥ ቢሆን ያንን አሸዋ የምወስደው እኔ ነበርኩ፤ ወስጄም አውቃለሁ።

የዚህ ቤት ታሪክ ረዥም ነው፣ ተራ ስትጠብቁ ሳትጠይቁም ይነገራችኋል። የጀመረው በውሃ ነው። የሽማግሌው አባት ከጅረቷ ቦይ ጠልፈው ውሃውን በተቦረቦረ ግንድ ቁልቁል ይለቁታል። ውሃው ከታች የተጋደመውን የእንጨት መዘውር ይመታል፤ መዘውሩ መሃሉ ላይ በቆመ ብረት የላይኛውን ድንጋይ ይዞ ይዞራል። ጥርስ የለ፣ ቺንጋ የለ። መዘውሩ አንዴ ሲዞር ድንጋዩም አንዴ ነው። ነሐሴ ላይ ጎርፍ ቦዩን ይዞት ይሄዳል፤ መጋቢት ላይ ደግሞ ውሃው ይሰንፋል። ደህና የሚፈጨው ከመስከረም እስከ ጥር ነበር። ክፍያው በእህል ነው፣ ከቁና ላይ አንድ ጣሳ። ፍርስራሹ ዛሬም አለ። እኛ ልጆች ሳለን "የወፍጮ ቤት ጋኔን አለ" እየተባልን ስላደግን ከመሸ ወደዚያ የሚወርድ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር አሁንም አልወርድም።

እናቴ ያደገችበት ቀበሌ የውሃ ወፍጮ እንኳ አልነበረውም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ በእጅ ወፍጮ ነበር የምትፈጨው፤ የመጁ ጠባሳ መዳፏ ላይ አለ። ወደዚህ ልትዳር ሽማግሌ ሲላክ፣ ስለ በሬውም ስለ መሬቱም ሳይሆን "ወፍጮ ቅርብ ነው ወይ?" ብላ አስጠየቀች አሉ። አባቴ እስኪሞት ድረስ "ያገባችው ወፍጮውን ነው" እያለ ይተርባት ነበር።

ሞተሩ የመጣው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ነው። ሊስተር ነው፣ የእንግሊዝ ሥራ። ይህ ዓይነቱ ሊስተር በፈረንጆች 1929 ገደማ መሠራት የጀመረ ነው፤ አንድ ሲሊንደር፣ በግራና በቀኝ ሁለት ከባድ መዘውር፣ በደቂቃ 650 ዙር ብቻ። ቀርፋፋ ነው፣ ዕድሜውም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ብረት ከአስፋልቱ እስከ ጅረቷ ድረስ በግንድ ላይ ጭነው በበሬ ጎተቱት። ቀኑን ሙሉ ፈጀ፤ ማታ ላይ ሁለት እንስራ ጠላ አለቀ። ሲነሳ ቱክ ቱክ ሲል ማዶ ያለ ሰው ይሰማል፤ ሴቶቹ ያን ሰምተው ነው እህላቸውን አህያ ላይ የሚጭኑት። ማቀዝቀዣው የውሃ በርሜል ነበር። ብርድ ሲሆን እኛ ልጆች በርሜሉን አቅፈን እንሞቅ ነበር፤ እናቶቻችን በዚያው ሙቅ ውሃ እግራችንን ይፈትጉናል።

በደርግ ጊዜ ወፍጮው የማኅበር ሆነ። ሽማግሌው በራሳቸው ሞተር ላይ ደሞዝተኛ ሆነው ሠሩ። ይህን ሲያወሩ አይቆጡም። "ናፍጣውን ከኪሴ አላወጣም ነበር፣ ያ ደግ ነበር" ይላሉ። የሚቆጩት በሌላ ነው፤ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ወፍጮው ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ ድንጋዩ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ደህና አድርጎ የወቀረው የለም። አዲስ ድንጋይ እስኪያወጡ ድረስ አንድ ክረምት ዘግተው ተቀመጡ።

አሁን የሚፈጨው በመብራት ነው። ሊስተሩ ግን ጥግ ላይ ዘይት ተቀብቶ ተቀምጧል፣ መብራት ሲጠፋ ይነሳል። ይህን ያስተዋልኩት ሳልፈልግ ነው፤ 30 ኪሎ ጤፌ ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ድርግም አለ። ልጁ ምንም አላለም። ቺንጋውን አዛወረ፣ ማስነሻውን ጨበጠ፣ ሦስት ጊዜ አሽከረከረ፣ ቱክ። የከተማው ቢሆን "ነገ ተመለሺ" ነበር መልሱ።

ልጁ ስልክ ነካካ ሲያደርግ የሆላንድ የነፋስ ወፍጮ አገኘና አንድ ቀን ለአባቱ አሳያቸው። ኪንደርዳይክ የሚባል ቦታ ነው፤ 19 ወፍጮ በአንድ ላይ፣ አብዛኞቹ ከ280 ዓመት በላይ የቆዩ፣ በፈረንጆች 1997 በዩኔስኮ የተመዘገቡ። ሽማግሌው ስልኩን አይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩ።

"ነፋሱ ሲቆምስ?"

"መብራቱ ሲቆምስ?" አለ ልጁ።

"በቀን ስንት ኩንታል ይፈጫሉ?"

"እነዚህ እህል አይፈጩም። ከማሳቸው ውሃ የሚቀዱባቸው ናቸው።"

"እህል ካልፈጨማ ምኑን ወፍጮ ሆነ!" አሉና ስልኩን መለሱለት። ፈረንጆቹ የወፍጮ ሙያውን ራሱን፣ የነፋሱንም የውሃውንም፣ በፈረንጆች 2017 እዚያው ዩኔስኮ አስመዝግበዋል አለኝ ልጁ ኋላ። እሳቸው ይህን አልሰሙም። መውቀሪያቸውን እየሳሉ ነበር።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ሚዛኑ አያምረኝም። ባለዘንጉ አሮጌ ሚዛን ነው፤ አንዱ እግሩ ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸጉጧል። እቤት 50 ኪሎ ብዬ መዝኜ የወሰድኩት ሲወጣ 48 ከምናምን ሆነ። "ወፍጮው በላው" አለኝ ልጁ። ወፍጮ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ዱቄት ይበናል፣ ጥግ ላይ ይቀራል። ግን አንድ ኪሎ ተኩል ብዙ ነው። ተጨቃጨቅን። ሽማግሌው ከውጭ ሰምተው ገቡና ክዳኑን አስከፈቱት። በመጥረጊያ ከየጥጉ ጠርገው አንድ ጣሳ ያህል አወጡልኝ። የቀረው ከሚዛኑ ነው እላለሁ። እሳቸው "ጤፍሽ እርጥብ ነበር" አሉ። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ሌላው ወረፋው ነው። ሥርዓት አለው፤ ማዳበሪያ በመጣበት ይሰለፋል፣ ከሩቅ የመጣ ይቀድማል፣ ጥቂት ቁና የያዘች አሮጊት አትጠብቅም። ደግ ነው። ነገር ግን ተዝካር ያለበት ቤት ከቀደማችሁ ቀናችሁ አለቀ። የጠላው ብቅል፣ የእንጀራው ጤፍ፣ የሽሮው አተር። ብቅልና ሽሮ ካለፈ በኋላ ደግሞ ጤፍ ከማስገባታችሁ በፊት ወፍጮው መጠረጉን በአይናችሁ እዩ። በርበሬን እንኳ አይፈጩም፣ ሌላ ቦታ ነው የሚልኩት፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዳጉሳ የቀላቀላችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ድንጋዩን ያስተካክለዋል።

ዋጋው ለጤፍ በኪሎ 4 ብር፣ ለበቆሎ 3 ብር ነው። በሊስተሩ ከተፈጨ 2 ብር ይጨመራል፣ ናፍጣ ነውና። ከባህር ዳሩ ብዙም አይለይም። ዱቄቱን ስትቀበሉ የማዳበሪያውን አፍ አትሰሩት፤ ከፍታችሁ ይደር፣ ይብረድ። መኪና ላይ ታፍኖ ከመጣ የሽማግሌው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ አስሬው ሽታው ተቀየረብኝ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው።

ለዱቄቱ ከአስር አስር እሰጣለሁ። ለሚዛኑ ስድስት፣ እሱንም ለሽማግሌው ስል ነው።

ቀኑንም ተመልከቱ። እሑድ አይፈጩም፣ ወር በገባ በ21 አይፈጩም። እኔ ከተማ ስኖር መቁጠሩን ረስቼው በ21 ቀን ከባህር ዳር 60 ኪሎ አሸክሜ ከች አልኩ። በሩ ዝግ ነው። ውሻው እንኳ ዱቄቱ ተራግፎለት ቡናማ ሆኗል፤ ለካ ቡናማ ነበር። ሽማግሌው ነጠላቸውን ለብሰው ከደጅ ተቀምጠዋል።

"ልጄ፣ ማርያም ናት እኮ" አሉኝ።

"ረስቼው ነው አባ።"

"ከተማ እንዲህ ያደርጋል። ግቢ፣ ቆሎ ብዪ።"

ጤፉን ከበሩ አጠገብ አስቀምጬ እነሱ ቤት አደርኩ። ጠዋት ቱክ ቱክ ሲል ነቃሁ፤ መብራት ጠፍቷል። ስወጣ ስምንት አህያ ቆሟል፣ የመጀመሪያው ማዳበሪያ ግን የኔ ነበር።