የሐረሩ የሸሪፍ ሙዚየም፦ ከጎረቤት ሣጥን የወጣ ታሪክ

በቅርቡ አክስቴን ይዤ ሐረር ወጣሁ። ከድሬዳዋ በሚኒባስ፣ ደንገጎን ሽቅብ፣ ከዚያ ሐረማያ፣ ከዚያ አወዳይ። አክስቴ ልጅነቷን ያሳለፈችው ሸዋ በር አካባቢ ስለሆነ መንገዱን ሁሉ ስታወራ ነው የደረስነው። እኔ ደግሞ ጉዳይ ነበረኝ። በድሬዳዋ የከዚራ ሰፈር እድራችን ጸሐፊ ነኝ። አብዛኞቻችን የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኞች ልጆች ነን። የአባቶቻችንን ፎቶና ዕቃ ሰብስበን በእድሩ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ እናሳይ ካልን ዓመት አለፈን። ከየት እንደምንጀምር ግን ግራ ገባን። አንድ ሰው «የሸሪፍን ሙዚየም ሳታዩ ምንም አትጀምሩ» አለን። እውነቱን ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ በመኪና ግርግር መንገድ በኩል ትዘልቃላችሁ። ልብስ ሰፊዎቹ ደጅ ላይ በስፌት መኪና ይሰፋሉ፤ የመንገዱ ስምም ከዚያ ድምፅ የመጣ ነው። «የራስ ተፈሪ ቤት» ብላችሁ ጠይቁ። የተቀረጸ የእንጨት ሥራ ያለበት ሰፊ የድሮ ቤት ነው። የሕንድ ነጋዴ እንዳሠራው ይነገራል። ራስ ተፈሪም የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚህ አሳለፉ ይባላል።

ሙዚየሙን ያቋቋሙት አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ናቸው። በመንግሥት በጀት አልተጀመረም። የሐረርን ዕቃ አንድ በአንድ እየፈለጉ በመኖሪያ ቤታቸው ማከማቸት ጀመሩ። ይህን ቤት ያገኙት ስብስቡ ከበዛ በኋላ ነው። ዛሬ ውስጡ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ ሳንቲም፣ ጎራዴ፣ የሴቶች ጌጥ፣ ስፌት፣ የድሮ ዜማ የተቀዳበት ካሴት አለ። ከውጭ ተገዝቶ የገባ የሚመስል ነገር አላየሁም። ሁሉም ከሰው ጓዳ የወጣ ነው።

ሳንቲሞቹ ጋ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ትንንሽ ናቸው፣ አንዳንዷ ከጥፍር ብዙም አትበልጥም። ሐረር በአሚሮቿ ዘመን የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበር። መሐለቅ የሚባለው ነው። በ1879 ዓ.ም ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ከተማዋን ያዙ፣ የአሚሮቹም ዘመን አበቃ። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ አስተምሬዋለሁም። ግን ያቺን ያለቀች ሳንቲም ሳይ ነው አንድ ሰው በሷ ገበያ ወጥቶ በርበሬ ገዝቶ እንደገባ የታየኝ።

መጻሕፍቱ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ቁርኣን አለ፣ በአረብኛ ፊደል የተጻፈ የሐረሪ ቋንቋም አለ። ሐረር በመጽሐፍ ድጉሰት፣ መጽሐፍን ጠርዞ በቆዳ በመሸፈን ሙያ፣ የታወቀች ከተማ ነበረች። ያ ሙያ ሊጠፋ ሲል እዚህ ቤት ውስጥ እንደገና ተይዟል። የተቀዳደደው ቅጠል ይጠገናል፣ ጌጥ የታተመበት የቆዳ ሽፋን ይለብሳል። አንዱን ሽፋን ጎንበስ ብዬ አየሁት። የአሮጌው ቆዳ ጠርዝ አልተጣለም፣ ከአዲሱ ጋር ተያይዟል። የት ጋ እንደተጠገነ ይታያል። ደስ አለኝ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ልጅ ሳለሁ የአንድ መሥሪያ ቤት የድሮ ወረቀት በኪሎ ተሸጦ ሰፈራችን ሱቅ ገብቶ ነበር። ቆሎ የተጠቀለለልኝን ወረቀት ስዘረጋው የሠራተኞች ስም ዝርዝር ነው። ከየስሙ ጎን የጣት አሻራ አለ። ቆሎውን በላሁ፣ ወረቀቱን ጣልኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አክስቴ ሳንቲሙንም መጽሐፉንም ቶሎ አለፈችው። የሴቶቹ ዕቃ ጋ ስትደርስ ግን አልንቀሳቀስ አለች። ሾጣጣ ክዳን ያለው አፍላላ የሚባል ዕቃ መያዣ አየች፣ ጉፍታ የሚባለውን የፀጉር መሸፈኛ አየች። «ጎረቤታችን ፀጉሯን ለሁለት ጠቅልላ ይቺን ታደርግ ነበር» አለች። ከዚያ የጎረቤቷን ሰርግ ጀመረች፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደጨፈረ። በሃምሳ ዓመቴ ሰምቼው የማላውቀው ወሬ ነው! እናንተም ስትሄዱ አንድ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከተቻለም ስልካችሁን ድምፅ መቅጃው ላይ አድርጉት።

ለእድራችን የወሰድኩት ትምህርትም ይኸው ነው። እኛ ፎቶውን ከሰበሰብን በኋላ ታሪኩን እንጽፋለን ብለን ነበር። ተሳስተናል። ዕቃው ይቆያል፣ ሰውየው ግን አይቆይም። መጀመሪያ ድምፅ። እያንዳንዱ ዕቃ ሲመጣም ማን እንዳመጣው፣ ከማን እንዳገኘው፣ ሲሰጥ ምን እንዳለ እዚያው መጻፍ። ሐረሪዎች እኛ እድር የምንለውን የሚመስል አፎቻ አላቸው። በሰርግና በሐዘን የሚገናኝ ሰው የማን ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል። የኛም እድር ያውቃል። ሰው ደግሞ ዕቃውን ለሚያምነው ነው የሚሰጠው።

ጊዜ መድባችሁ ሂዱ። አንድ ሰዓት አይበቃም፣ ግማሽ ቀን ያዙ። ጀጎል ራሱ በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከሙዚየሙ ስትወጡ ያያችሁትን ዕቃ ዓይነት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ካያችሁ በር በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ፈልጉ። ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው።

ስንመለስ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ አክስቴ ድሬዳዋን እያየች «ባቡሩ ይህን ተራራ ቢወጣ ኖሮ እኛ የለንም ነበር» አለች። እውነት ነው፤ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ ሜዳውን በመያዙ ነው በ1895 ዓ.ም ከተማችን የተቆረቆረችው፣ መጀመሪያም አዲስ ሐረር ትባል ነበር። ማታ ቤት ስንገባ ከአልጋዋ ሥር የአባቴን ፋኖስ አወጣችልኝ። ጎኑ ላይ ሴ.ኤፍ.ኤ. የሚል የፈረንሳይ ፊደል አለበት፣ የምድር ባቡሩ ስም ምህጻር ነው። እሷ ጋ መኖሩን አላውቅም ነበር። ደብተሬን ከፍቼ ቁጥር 1 ብዬ ጻፍኩ። «ወንድሜ ማታ ተረኛ ሲሆን ይዟት ይወጣ ነበር። መስታወቷን የማጸዳው እኔ ነበርኩ፣ በአመድ» አለች። እሱንም ጻፍኩት፣ እንዳለችው።