ዘጠኝ ወር ከሲንግል ኮይል ጊታሬ ጋር፦ ፒክአፕ ልቀይር ብዬ ነበር

ይህቺን ጊታር ከገዛኋት ዘጠኝ ወር ሆነኝ። የስትራት (የፌንደር ስትራቶካስተር) ቅርጽ ያላት ኤሌክትሪክ ጊታር ናት፣ ሶስት ሲንግል ኮይል ፒክአፕ ተገጥሞላታል። ፒክአፕ ማለት የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ነው፣ ሲንግል ኮይል ደግሞ ጥቅሉ አንድ ብቻ የሆነው። ቤት በየቀኑ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ልምምድ ላይ እጫወትባታለሁ። አንገቷ ለእጄ ተመችቶኛል፣ ቅኝቷም ቶሎ አይወርድም። ያስቸገረኝ ድምጿ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እምምም ትላለች። ይሄ የሲንግል ኮይል ጠባይ ነው። የተጠቀለለው ሽቦ የክሩን ንዝረት ብቻ ሳይሆን ከመብራት መስመር የሚመጣውን ጩኸትም ይስባል፣ እኛ አገር ደግሞ መብራቱ 50 ኸርዝ ነው። ጊብሰን የሚባለው ጊታር ሰሪ ኩባንያ ይሰራ የነበረው ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ጥቅል በተቃራኒ አገናኝቶ ሀምበከር የሚባለውን ፒክአፕ የሰራው ይህንኑ ጩኸት ለማጥፋት ነው። የእኔም ጊታር መሀለኛ ፒክአፕ በተቃራኒ ስለተጠቀለለ የፒክአፕ መምረጫውን ሁለት ፒክአፕ አብረው የሚሰሩበት 2ኛው ወይም 4ኛው ቦታ ላይ ሳደርገው ጸጥ ትላለች። እሱን ለምጄዋለሁ።

አራተኛው ወር ላይ ግን ጩኸቱ ባሰ። ድምፁም ይንቋቋል፣ ዘወር ስል ጭራሽ ይቋረጣል። ፒክአፑ ተበላሸ ብዬ አዲስ ለመግዛት ዋጋ ሁሉ ጠይቄ ነበር። ሰፈራችን ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ጋሼ ግን «መጀመሪያ ይለካ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል?» አሉኝ። ገመዱን ሰክተው ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ከፍተው የሽቦውን የኤሌክትሪክ መቋቋም በቴስተር ለኩ። ሶስቱም 6 ኪሎ ኦም አካባቢ አሳዩ። ሽቦው ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ ቴስተሩ ከዚህ እጅግ የበለጠ ቁጥር ያሳይ ነበር፣ ስለዚህ ፒክአፖቹ ደህና ናቸው። ቀጥለው ክሮቹን ንካ አሉኝ። ስነካቸው ጩኸቱ መቀነስ ነበረበት፣ አልቀነሰም። የኋላውን ክዳን በካቻቪቴ ስንከፍት ወደ ብሪጁ (ክሮቹ ወደሚያርፉበት ብረት) የሚሄደው የግራውንድ (የመሬት) ሽቦ ከብየዳው ተላቋል! ጠብታ ስታኞ በቃው። የሚቋረጠው ደግሞ የጃኩ (ገመዱ የሚሰካበት) ዳዶ ላልቶ ኖሯል፣ እሱንም አጠበቅነው።

አንድ ነገር ቀረ። ትዝታ ስጫወት ወፍራሙ ክር ላይ ከፍ ብዬ የምይዘው ረጅም ድምፅ ይወላገድብኝ ነበር፣ ቅኝቱ ልክ ሆኖ ሳለ። አንገቱ ጋ ያለው ፒክአፕ ለክሩ በጣም ቀርቦ ማግኔቱ እየጎተተው ነው። ክሩን የመጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ተጭኜ በወፍራሙ በኩል 2.5፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊሜትር እስኪርቅ ብሎኑን እያላላሁ አወረድኩት። ጉልበቱ ትንሽ ቀነሰ፣ ድምፁ ግን ጠራ፣ ኖታውም ሳይወላገድ ረጅም መቆየት ጀመረ። ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት በዚህ ነው።

አሁንም ፍሎረሰንት ወይም የስልክ ቻርጀር አጠገብ ስሆን ትጮሃለች፣ ሰውነቴን ዞር ሳደርግ ትቀንሳለች። ቀረጻ ለሚያበዛ ሰው ሀምበከር ያለውን እመክራለሁ። እኔ ግን የዚህችን ጥርት ያለ ድምፅ ስለምወደው አልቀይራትም፣ በሚቀጥለው ወር ጩኸቱን ለመቀነስ የውስጧን ጉድጓድ የመዳብ ቴፕ አለብሳታለሁ።