ስፖንሰር ላደረጋችሁም ለመጣችሁም፦ ይቺን ሴት ሳታገኟት አትቅሩ

ቶሮንቶና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ በጂ ፋይቭ (ቢያንስ አምስት ሰው ፈርሞ ስደተኛ ወደ ካናዳ በሚያመጣበት መንገድ) ቤተሰብ ያመጣችሁ ወይም ፋይል አስገብታችሁ ደጅ የምትጠኑ ሁሉ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ጆሯችሁን አውሱኝ። በአደባባይ ላመሰግናት የምፈልጋት አንዲት ሴትልመንት ሠራተኛ፣ ማለት አዲስ ገቢዎችን የምታቋቁም ሠራተኛ፣ አለች። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ «ሥራዬ ነው፣ ደሞዝ ይከፈለኛል» ነው የምትለው። ደሞዝ እየበሉ ሰው የሚያመናጭቁ ስንቱን አይተናል! ለማንኛውም ቢሮዋ ከዳንፎርዝ መንገድ ብዙም አይርቅም፣ አማርኛ ትናገራለች፣ አገልግሎቱም ነፃ ነው።

እኛ አምስት ሆነን ፈርመን የአክስቴን ልጅ ከነባለቤቱና ከሁለት ትናንሽ ልጆቻቸው ጋር ከናይሮቢ አመጣን። ኤርፖርት ላይ እልልታው፣ አበባው፣ ፎቶው፣ ያው ታውቁታላችሁ። ጣጣው የሚጀምረው በማግስቱ ነው። ኪራዩና ቀለቡ አንድ ነገር ሆኖ ሲን ቁጥር (ለሥራና ለግብር የሚጠየቀው)፣ ኦሂፕ (የኦንታሪዮ የጤና መድን)፣ ባንክ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ሐኪም፣ ሁሉም የሚያልቀው በሥራ ሰዓት ነው። ከመካከላችን ኡበር የሚነዳ አለ፣ የሌሊት ፈረቃ የምትገባ አለች። መጀመሪያ የሄድንበት አንድ ቢሮ ደግሞ «ስፖንሰር አላችሁ አይደል? እነሱን ጠይቁ» ብሎ መለሳቸው። ይህን የምትሰሙ ካላችሁ አትመኑ። በጂ ፋይቭ የሚመጣ ሰው ፒአር (ቋሚ ነዋሪ) ሆኖ ነው የሚገባው፤ መንግሥት የሚከፍልበት የሴትልመንት አገልግሎት እንደማንኛውም አዲስ ገቢ ይገባዋል።

እሷን ያገኘናት በሰው በሰው ነው። ገና ከመቀመጣችን ወደ እኛ ወደ ስፖንሰሮቹ ዞራ «እናንተስ እንዴት ናችሁ? እንቅልፍ አላችሁ?» አለችን። እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቀን አልነበረም። ከዚያ ነጭ ወረቀት አወጣችና መሐሉን በመስመር ከፈለችው፤ በአንዱ በኩል እኛ በየወሩ የምናወጣውን፣ በሌላው ቤተሰቡ ራሱ የሚያገኘውን እየጠየቀች ትጽፋለች። ቻይልድ ቤኔፊት (መንግሥት ለልጆች በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ) ላይ ስትደርስ የአክስቴ ልጅ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እሱማ ሲመጣ ለእነሱ ልንመልስ ነው» አለ። እኛ አንገታችንን ደፋን። ማን ደፍሮ ያወራዋል?

እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችና «እሱ የልጆቹ ነው። አንተም አትሰጥም፣ እነሱም አይቀበሉም፣ ከወርሃዊ ድጋፋችሁም ላይ አይቀነስም» አለችው። ቀጥላ ለእኛ፦ «እናንተም ስንት እንደምታወጡ ንገሯቸው። ዝም ካላችሁ እዚህ አገር ብር መንገድ ላይ የሚታፈስ ይመስላቸዋል።» ሁላችንም ሳቅን። የኪራዩን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ሲያይ ግን የአክስቴ ልጅ ፊቱ ተለወጠ፤ «ይህን ሁሉ ነው እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ። ያ ወረቀት ዛሬም ፍሪጃቸው ላይ ተለጥፏል። ከዚያ ወዲህ ነው ባለቤቱ ለእኔ ባለቤት «እኮ ትልቅ ድስት አልነበረንም፤ ማስቸገር ፈርተን ነው የቆየነው» ብላ ያወራቻት። የሥጋ ዘመድ ሆነን አንዲት ድስት መጠየቅ ተፈርቶ!

ሌላ ሌላውን ባጭሩ ልለፈው። ትንሹን ልጅ ማን ይያዝልኝ ብላ ቤት ለቀረችው እናት፣ ልጅ እዚያው የሚጠበቅበት፣ ሊንክ የሚባል ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት አገኘችላት። የልጁን መነጽር ከኪሳችን ልንከፍል ስንል አይኤፍኤች (የፌዴራል መንግሥቱ ለስደተኞች የሚሰጠው ጊዜያዊ የጤና ሽፋን) እንደሚሸፍነው ነገረችን፣ ሸፈነም።

ረጅም ላወራበት የምፈልገው ስለ ትልቋ ልጃቸው ነው። እሷ አዲስ አበባ አያቷ ዘንድ ቀርታለች። ማመልከቻው ላይ ስሟ ቢኖርም «መጀመሪያ እንቋቋም፣ በኋላ እናመጣታለን» ተባብለን ነበር። ይቺ ሠራተኛ ግን በመጀመሪያው ቀን «የቀረ ልጅ አለ?» ብላ ጠየቀች፤ አለ ሲሏት የገቡበትን ቀን ከወረቀታቸው ላይ አየችና ካላንደሯ ላይ አከበበችው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ በስደተኛነት የመጣ ሰው ማመልከቻው ላይ ያስመዘገባቸውን የትዳር ጓደኛና ልጆች፣ በገባ በ1 ዓመት ውስጥ ካመለከተ በዚያው በስደተኛ መስመር ማምጣት ይችላል። ዓመቱ ካለፈ ያ በር ይዘጋና ሌላ መንገድ መፈለግ ነው። ከነጭራሹ ሳይመዘገብ የቀረ ልጅ ደግሞ የባሰ ጣጣ አለው፤ ስለዚህ ገና ፋይል ላይ ያላችሁ ማንንም እንዳትዘሉ አደራ። ፎርሙን ራሷ አልሞላችውም። «እኔ ጠበቃ አይደለሁም» ብላ ነፃ የሕግ ክሊኒክ ቀጠሮ አስያዘችን። ይህ ይሰመርበት፤ በየሰፈሩ ያለ ፈቃድ ብር እየተቀበሉ ፎርም የሚሞሉ አሉና። የልጅቷ ማመልከቻ በጊዜው ገብቷል፣ አሁን መልስ እየጠበቅን ነው።

ስፖንሰሮች የሚፈሩት «13ኛው ወር» የሚባል ነገር አለ፤ ድጋፋችን በ12 ወር ስለሚያበቃ ማለት ነው። እንደ እኛ ጳጉሜ 5 ቀን ሆኖ አያልፍም መቼም። እሷ ጊዜው ገና ሳለ ነው ያዘጋጀቻቸው፤ የአክስቴ ልጅ ሬዙሜ ተሠራለት፣ ፎርክሊፍት ተማረ፣ ኪራዩንም ቀስ በቀስ እየተረከበን መጣ። እግረ መንገዴን፣ ብዙ ሰው ይህን ከቤተሰብ ስፖንሰርሺፕ ጋር ያደባልቃል። ለባል ወይም ለሚስት የፈረመ 3 ዓመት፣ ለእናትና ለአባት የፈረመ ከኩቤክ ውጭ 20 ዓመት ግዴታ አለበት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዌልፌር (የመንግሥት የድጎማ ብር) ከተወሰደ ዕዳው የፈራሚው ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቋት፣ ሳትደብቅ ትነግራችኋለች።

እንከን የላትም አልልም። ስልክ አታነሣም፤ ኢሜይል ይሻላል። ቅዳሜ የምትገባው ደግሞ በራሷ ፈቃድ እንጂ ቢሮው ስለሚከፍት አይደለም፤ የእኔም ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ስፖንሰሩ ዜግነት ከያዘ በፌዴራሉ የሴትልመንት ፈንድ እንደ ተገልጋይ አይቆጠርም። ስለዚህ ከእኛ ጋር የተቀመጠችበት ሰዓት ሪፖርት ላይ የሚገባበት ቦታ የለውም። ለስፖንሰሮች አርኤስቲፒ የሚባል ነፃ ሥልጠና አለ፣ ጥሩ ነው፣ ውሰዱት። ነገር ግን ሥልጠና ሁለት ዘመዳሞችን ፊት ለፊት አስቀምጦ ስለ ብር አያነጋግርም። ፈንድ የምትሰጡ ክፍሎች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራ ሰው መድቡ፣ ስፖንሰሩንም ቁጠሩት። መንግሥት በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2024 አዲስ የጂ ፋይቭ ማመልከቻ መቀበል ማቆሙን ካስታወቀ ወዲህ «ከእንግዲህ ማን ይመጣል?» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት የገባው ፋይል እኮ ብዙ ነው።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ሲገቡ የተሰጣቸውን የፒአር ማረጋገጫ፣ የልጆቹን የክትባት ካርድና ስፖንሰር ስታደርጉ ያስገባችሁትን የሴትልመንት ፕላን (ቤተሰቡን እንዴት እንደምታቋቁሙ የጻፋችሁበትን ዕቅድ) ያዙ። ስፖንሰሮችም አብራችሁ ግቡ እንጂ በር ላይ አድርሳችኋቸው አትመለሱ፤ «ፈራሚዎቹ የታሉ?» ማለቷ አይቀርም።